ሕንጻው ወደ ኋላ ይቆይ፦ በጣና ዙሪያ የቤተሰብ ሐኪም የሚያፈራ ትምህርት ቤት እንዴት ይታቀዳል?

አዲስ የሕክምና ትምህርት ቤት ለማቋቋም የተሰየመ ኮሚቴ ስብሰባውን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ በቦታ ጥያቄ ነው፤ ስንት ሄክታር፣ ስንት ፎቅ፣ ስንት አልጋ። የተነሣችሁት የቤተሰብ ሐኪም ለማፍራት ከሆነ ግን ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው። ተማሪው ሲመረቅ የሚሠራው የት ነው? እዚያ ቦታ ላይስ ዛሬ ሊያስተምረው የሚችል ማን አለ? ይህ ጽሑፍ ባሕር ዳርን መቀመጫ አድርገው በጣና ዙሪያ ላሉ ወረዳዎች ትምህርት ቤት ለሚያቅዱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ስለ ሕንጻ የምንለው ጥቂት ነው፤ እሱም ወደ መጨረሻው ይመጣል።

ሐሳቡ ለሐይቁ አካባቢ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደንቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ሺዎችን ፈጀ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954 ነው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ተማሪዎች በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየወረዱ፣ እየሠሩ ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋምም ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርትን የሥርዓተ ትምህርቱ መሠረት አደረገ። ስለዚህ አርአያ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቡድን ሥልጠናውን ከሚመሩት መምህራን ጋር ሦስት ቀን ተቀመጡ። በተለይ የተማሪ ማደሪያው፣ መጓጓዣውና የጤና ጣቢያው አሠልጣኝ ክፍያ እንዴት እንደሚሄድ ጠይቁ፤ ዕቅድ የሚሰናከለው እነዚህ ሦስቱ ላይ ነው።

ሐኪሙን በአንድ ገጽ ጻፉት

በአገራችን የቤተሰብ ሕክምና ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ነው። ጠቅላላ ሐኪም ለመሆን ስድስት ዓመት፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም እየሠሩ የሚወስዱት የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሬዚደንሲ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እንግዲህ “የቤተሰብ ሐኪም እናሠለጥናለን” የሚል ትምህርት ቤት ሁለት ሥራ ይዟል፦ ለመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት የተዘጋጀ ጠቅላላ ሐኪም ማፍራት፣ እና ሬዚደንሲውን መምራት።

የእኛ ምክር ሬዚደንሲውን በሁለት ዓመት አስቀድሙ የሚል ነው። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። በዓመት 6 ሬዚደንት ተቀብላችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ የቅድመ ምረቃ ተማሪ ብታስገቡ፣ እነዚያ ተማሪዎች ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሰው ጤና ጣቢያ መውረድ ሲጀምሩ ፕሮግራሙ 5ኛ ዓመቱን ይዟል። በዚያ ጊዜ የተመረቁ 12 የቤተሰብ ሐኪሞችና በሥልጠና ላይ ያሉ 18 ሬዚደንቶች ይኖሯችኋል። ሁለቱን ባንድ ዓመት ከጀመራችሁ ግን ተማሪው ጤና ጣቢያ ሲደርስ የሚያስተምረው የቤተሰብ ሐኪም ገና አልተመረቀም፤ በቦታው የሚገባው የሆስፒታል ስፔሻሊስት ነው። ተማሪውም የሚያየውን ይመስላል። የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናት፣ የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች ከፈለገ ሕይወትና ከጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ጋር በሚደረግ ስምምነት ሊገኙ ይችላሉ። ፕሮግራሙን የሚመሩ ቢያንስ ሁለት የቤተሰብ ሐኪሞች ግን ከመክፈቻው አንድ ዓመት በፊት ተቀጥረው መግባት አለባቸው። አንድ ብቻ ከሆነ፣ እሱ የለቀቀ ዕለት ፕሮግራሙም አብሮ ይለቃል።

ቀጥሎ ተመራቂው ለብቻው ሊያክማቸው፣ አረጋግቶ ሪፈር ሊጽፍላቸውና ከሌላ ባለሙያ ጋር ሆኖ ሊከታተላቸው የሚገቡ ችግሮችን በአንድ ገጽ አስፍሩ። ይህን ዝርዝር ከመማሪያ መጽሐፍ ማውጫ አትገልብጡ። ከስድስት ጤና ጣቢያና ከሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የተመላላሽ ታካሚ መዝገብ ውሰዱ። የእያንዳንዱን ወር ሁለተኛ ሳምንት፣ ለአሥራ ሁለት ወር ቁጠሩ። የአንድ ወር መዝገብ ብቻ ካያችሁ ወቅቱ ያሳስታችኋል፤ ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ደግሞ በመጠኑ ያገረሻል። የሪፈር መዝገቡንም ጨምሩ፤ ጤና ጣቢያው የማይችለውን የሚናገረው እሱ ነው።

መዝገብ የሚነግራችሁ የተጻፈውን ምርመራ ነው፤ የነበረውን በሽታ ሁልጊዜ አይደለም። “ታይፎይድ” ብዙ ጊዜ በሚያሳስተው የዊዳል የደም ምርመራ ብቻ እየተባለ ስንት ጊዜ እንደሚጻፍ ስታዩ ትረዱታላችሁ። የዚህ ክፍተት ትልቁ ማስረጃ እዚሁ አጠገባችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ የታየው ካላዛር መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ ጣፊያው ያበጠ፣ የከሳ ሰው ሲመጣ “መተማ ወይም ሑመራ ለሥራ ወርደህ ነበር?” ብሎ፣ ካላዛር ወደሚበዛበት ቆላ መሄዱን የሚጠይቅ ሐኪም ነው የምትፈልጉት። ስለዚህ በመዝገብ ብዙ ጊዜ ባይታዩም ለአካባቢው የሚገቡትን በእጃችሁ ጨምሩ፦ በሐይቁ ዳር ለሚዋኝ ልጅና ለዓሣ አጥማጁ ቢልሃርዚያ፣ በቆላው ካላዛር፣ ዐይን የሚያጠፋው ትራኮማ፣ ባዶ እግሩን በቀይ አፈር ለሚያርስ ገበሬ የእግር እብጠት፣ የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ የእብድ ውሻ ንክሻ። ከእነዚህ ጋር ደም ግፊትን፣ ስኳርን፣ ድብርትንና የሚጥል በሽታን አስቀምጡ፤ እነዚህ እየጨመሩ ነው፤ የሚፈልጉትም ያው ሐኪም ዓመት ከዓመት እንዲያያቸው ነው።

የቦታ ስሌት

የተማሪ ቁጥር የሚወሰነው በመማሪያ አዳራሹ ወንበር አይደለም። የሚወስነው በጤና ጣቢያ ውስጥ ያለ የአሠልጣኝ ሰዓት ነው። ስሌቱን ደረጃ በደረጃ እንየው።

አንድ ልምድ ያለው ጤና መኮንን ወይም ሐኪም ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ በ180 ደቂቃ፣ ለአንድ ሰው 8 ደቂቃ እየሰጠ ብቻውን 22 ያህል ታካሚ ያያል። አሁን ሁለት ተማሪ እንስጠው፤ በድምሩ ሦስት ክፍል። ተማሪው በራሱ ክፍል አንድን ታካሚ 30 ደቂቃ ያያል፤ ከዚያ አሠልጣኙ ገብቶ በታካሚው ፊት 10 ደቂቃ ያዳምጣል፣ ያርማል፣ ይወስናል። አንድ ተማሪ በጠዋቱ 4 ታካሚ ያያል፤ ሁለቱ 8። አሠልጣኙ በእነሱ ላይ 80 ደቂቃ አጠፋ፤ በቀረው 100 ደቂቃ 12 ታካሚ አየ። ድምሩ 20 ነው። ከ22 ወደ 20 መውረድ ማንኛውም የጤና ጣቢያ ኃላፊ የሚቀበለው ኪሳራ ነው። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኃላፊው ፊት አስቀምጡት፤ “ተማሪ ሰልፍ ያስረዝማል” የሚለውን ሥጋት የሚያረግበው እሱ ነው። በመጀመሪያው አንድ ወር ግን ከዚህ እንደሚዘገይ አትደብቁ።

ሦስተኛ ተማሪ ቢጨመርስ? የታካሚ ቁጥሩ ብዙም አይለወጥም፤ 19 ይሆናል። የሚጎዳው ትምህርቱ ነው። አሠልጣኙ ከ180 ደቂቃው 120ውን ከክፍል ክፍል ሲሮጥ ያሳልፋል፤ አራተኛ ክፍል ያስፈልጋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስቱም ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው ማየት ይጀምራሉ። በአንድ አሠልጣኝ ሁለት ተማሪ፤ ከዚያ አትለፉ።

ሁሉንም ክፍል ከሚያሟጥጠው የገበያ ቀንም ተጠንቀቁ። ወረዳው በገበያ ቀኑ ጤና ጣቢያውን ያጥለቀልቀዋል፤ ያን ቀን ተማሪው በትሪያጅ (ታካሚን እንደ ሕመሙ ክብደት በመለየት)፣ በቁስል ማጠቢያና በክትባት ቢመደብ ይማራል፣ ያግዛልም። በተመላላሽ ክፍል ቢመደብ ግን ይገፋል።

አሁን 40 ተማሪ በሳምንት አንድ አንድ ቀን፣ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጤና ጣቢያ ይማሩ እንበል። በቀን 8 ተማሪ ማለት ነው፤ በአራት ጤና ጣቢያ ሁለት ሁለት። አሠልጣኝ ግን አምስቱንም ቀን አያስተምርም፤ ሪፖርት አለበት፣ ወደ ጤና ኬላዎች የሚወርድበት ቀን አለው፣ ይታመማል፣ ይወልዳል። ከሦስት ቀን በላይ አትጫኑት። በአንድ ጤና ጣቢያ ሁለት አሠልጣኝ ስትይዙ 4 ጤና ጣቢያና 8 አሠልጣኝ ለአንድ ባች ይበቃል። ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ ዓመት ባንድ ጊዜ ሲወርዱ 12 ጤና ጣቢያና 24 አሠልጣኝ ትፈልጋላችሁ። 80 ተማሪ ልቀበል ካላችሁ 24 ጤና ጣቢያ ነው፤ ከባሕር ዳር በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ በቂ ታካሚ፣ በቂ ክፍልና የማይለቅ ባለሙያ ያላቸው ያን ያህል ጤና ጣቢያዎች አታገኙም። ስለዚህ መነሻችሁ 40 ይሁን። “ቁጥሩን ጨምሩ” የሚል ግፊት በእርግጥ ይመጣል፤ መልሳችሁ ይህ ስሌት ነው።

ቦታዎቹን በሁለት ክበብ ክፈሏቸው። የቅርቡ ክበብ በየሳምንቱ ደርሶ መመለስ የሚቻልበት ነው፦ የከተማዋ ጤና ጣቢያዎች፣ ዘጌ፣ መራዊ፣ ሐሙሲት። የሩቁ ክበብ ተማሪው ስምንት ሳምንት የሚያድርበት ነው፦ ወረታና አዲስ ዘመን በምሥራቅ፣ አቸፈር በምዕራብ፣ ደንቢያ በሰሜን። በሩቁ ክበብ እያንዳንዱ ቦታ ከአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጋር ይጣመር፤ ተማሪው ምጥ ያየላትን እናት ቀዶ ሕክምና ካስፈለጋት ተከትሏት ሄዶ እስክትወልድ ይቆይ፣ ተመልሶም በአራስ ቤቷ ይጠይቃት። ይህን አንድ ጊዜ ያደረገ ተማሪ ሪፈር ወረቀት በግዴለሽነት አይሞላም።

ፎገራና ደቡብ አቸፈር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። የመድኅን አባል ሕክምናውን የሚጀምረው ከጤና ጣቢያው ስለሆነ፣ በእነዚህ ቦታዎች ያው ታካሚ ወደ ያው ክፍል ይመለሳል። ለቤተሰብ ሕክምና ትምህርት ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

አሠልጣኙና ማደሪያው

የጤና ጣቢያ አሠልጣኞች አብዛኞቹ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና አዋላጆች ናቸው። የሕክምና ተማሪ “ከሐኪም በታች” ከሚላቸው መማር ሲከብደው ታያላችሁ፤ ይህ በምክር አይፈታም። የሚፈታው ማርክ ሲሰጡ ነው። የማኅበረሰብ ሥልጠናው ውጤት ግማሽ በእነሱ ፊርማ የሚገባ ይሁን፤ ስማቸውም በትምህርት ቤቱ የመምህራን ዝርዝር ላይ በክብር መምህርነት ይስፈር። ሥልጠናቸው አምስት ቀን በቂ ነው፦ ሁለት ቀን ግብረ መልስ አሰጣጥ፣ አንድ ቀን የሦስት ክፍል አሠራሩን በእውነተኛ ታካሚ መለማመድ፣ አንድ ቀን ምዘና፣ አንድ ቀን የጋራ የሕክምና መመሪያ ላይ መስማማት። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል። ከዚያ ተማሪው ሆስፒታል አንድ፣ ጤና ጣቢያ ሌላ ሲነገረው የጤና ጣቢያውን ይንቃል። የጤና ሚኒስቴር ለመጀመሪያ ደረጃ አገልግሎት ያወጣውን መመሪያ የሆስፒታል መምህራኑም እንዲያስተምሩበት በጽሑፍ ይስማሙ።

ክፍያውን በየወሩ፣ በቁርጥ ቀን ክፈሉ። ዓመቱን ጠብቆ የሚመጣ አበል አሠልጣኝ አያቆይም። ሥልጠናው ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚቆጠር ነጥብ እንዲኖረውም አስመዝግቡት።

ማደሪያ ለአንድ ሩቅ ቦታ 8 ሰው ይያዝ፦ ለሴቶች ሁለት ክፍል፣ ለወንዶች ሁለት ክፍል፣ በየበኩላቸው መታጠቢያና መጸዳጃ፣ አንድ የጋራ ማጥኛ፣ አንድ ማድ ቤት። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብትይዙ 400 ሊትር ነው፤ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አምስት ቀን ያቆያል። ሮቶው ከመጸዳጃው ጋር ባንድ ቀን ካልተተከለ ለወራት “ይመጣል” እየተባለ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ የሚያበራ ሶላር፣ የሚቆለፍ በርና የግቢ ጥበቃ ይኑር። የሴት ተማሪዎችን ደኅንነት በኋላ እናስተካክላለን የሚል ዕቅድ ተቀባይነት የለውም፤ ወላጅ የሚጠይቀው መጀመሪያ እሱን ነው፣ ሊጠይቅም ይገባል። ምግብ በአካባቢው የምትኖር አብሳይ ተቀጥራ ታዘጋጅ።

መንገድ ይዘጋል፤ አንዳንዴ በጎርፍ፣ አንዳንዴ በጸጥታ ምክንያት። ለእያንዳንዱ ሩቅ ቦታ “ማን ይወስናል፣ ተማሪው በየት በኩል ይወጣል፣ ቀሪው ሳምንት የት ይሟላል” የሚል አንድ ገጽ አስቀድማችሁ ጻፉ። ነዳጅ ሲጠፋ መኪናው እንዳይቆም የቅርቡ ክበብ ቦታዎች በሕዝብ ትራንስፖርት የሚደረስባቸው ይሁኑ። ወደ ደሴቶቹ የሚደረግ ጉዞ ጠዋት ውኃው ጸጥ ሲል ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያነሣል። በሞተር ጀልባው ላይ እንደ ተሳፋሪው ቁጥር የነፍስ አድን ጃኬት ከሌለ ተማሪ አይሳፈርም።

አምስት ቤት፣ አራት ዓመት

የትምህርቱ ልብ እዚህ ጋ ነው። ሁለት ሁለት ተማሪ አምስት ቤተሰብ ተረክበው ከሁለተኛ ዓመት እስከ አምስተኛ ዓመት በየወሩ ይጎብኙ። 40 ተማሪ 20 ጥንድ፣ 100 ቤተሰብ ነው። አራት ባች ሲሆን 400። አንድ የገጠር ቀበሌ እንደ ጤና ኬላው ስፋት ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ስለሚይዝ፣ ሁሉንም በአንድ ቀበሌ ብትከምሩ ግማሹ ቀበሌ ተማሪ ሲያስተናግድ ይውላል። ለአንድ ባች አንድ ቀበሌ ያዙ።

ቤተሰቦቹን የሚመርጡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ናቸው፤ ማን ምን ላይ እንዳለ ከቤተሰብ ማኅደሩ ያውቃሉ። ከአምስቱ አንዱ ነፍሰ ጡር ያለበት፣ አንዱ ከሁለት ዓመት በታች ሕፃን ያለበት፣ አንዱ የሚቆይ ሕመም ያለበት፣ አንዱ አካል ጉዳተኛ ወይም ብቻውን የሚኖር አረጋዊ ያለበት፣ አንዱ ጤነኛ ይሁን። ከመንገድ ዳር ያሉትን ብቻ መምረጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ቢያንስ ሁለቱ ከአስፋልት ወይም ከጥርጊያው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ የራቁ ይሁኑ። በሐይቁ ዳር ደግሞ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላትና ዓሣ አጥማጆች ከዝርዝሩ እንዳይወድቁ በስም ጠይቁ፤ ካልተጠየቀ ይወድቃሉ።

የጉብኝት ቀን በገበሬው የቀን መቁጠሪያ ይሂድ። በወር በዓላት፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ ሰው እርሻ አይወጣም፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ይገኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራ ሲሰበሰብ ቀኑን ሙሉ ብታንኳኩ የምታገኙት ሕፃንና አያት ነው። ክረምት የፎገራን ሜዳ ውኃ ይሸፍነዋል። ታዲያ “ጥርና የካቲት ላይ እናውርዳቸው” የሚል ቀላል መፍትሔ ይመጣል፤ ያኔ ግን ተማሪው ወባ በሚበረታበት ወቅት አንድም ቀን አይገኝም። የስምንት ሳምንቱን ቆይታ ለሁለት ክፈሉት፤ አራቱ በጥቅምት፣ አራቱ በጥር ወይም በየካቲት።

የመጀመሪያው ጉብኝት ከኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር፣ ያለ ቅጽ ነው። ቡና ከቀረበ ይጠጣ። ተማሪው በቤት ጉብኝት ላይ መድኃኒት አያዝም፤ ያየውን ለአሠልጣኙ ያቀርባል፣ ውሳኔው ከጤና ጣቢያው ይወጣል። የአንዱን ቤት ነገር በሌላው ቤት ቡና ላይ ያወራ ተማሪ ከሥልጠናው ይነሣል፤ ይህ ሕግ ገና ሳይወርዱ በጽሑፍ ይፈረም፤ አንድ ቀበሌ ምስጢሩ አንዴ ከወጣበት በሩን ዘግቶ ነው የሚቀረው።

ስለ ጾምና ስለ ጸበል መጠየቅን እንደ ደም ግፊት መለካት አሠልጥኗቸው። ጠዋት የሚዋጥ የስኳር መድኃኒት የታዘዘላት ጿሚ እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ባትቀምስ አትነግረውም፤ ተማሪው “ጾም ላይ ነዎት? መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ይወስዱታል?” ብሎ ካልጠየቀ ስኳሩ ለምን እንደሚዋዥቅ አያውቅም። ጸበል የሄደን ታማሚ የሚሳደብ ሐኪም ታማሚውን ያጣል። “ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ” ብሎ ከንስሐ አባቱ ጋር የሚነጋገር ግን ያተርፋል። የሰበካውን ካህንና በየአካባቢው ያሉትን የሃይማኖት አባቶች በዚህ ላይ እንዲያስተምሩ ጋብዟቸው።

የማኅበረሰብ ሥልጠና የሚዝገው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይመጣል፣ ሽንት ቤት ይቆጥራል፣ ቅጹን ይሞላል፣ ይሄዳል። በሦስተኛው ዓመት ሕዝቡ መልሱን በቃሉ ያውቀዋል። መድኃኒቱ ጥብቅ ደንብ ነው፦ ከጥናቱ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ አንድ ገጽ በአማርኛ ተጽፎ በቀበሌው ስብሰባ ወይም በእድሩ ይነበባል፤ ከተገኘው አንድ ችግር ብቻ ተመርጦ እስከ ሰኔ ይሠራል፤ የሚቀጥለው ባች የሚጀምረው ያ የተመረጠ ነገር የት እንደ ደረሰ በመመልከት ነው፤ አዲስ ቆጠራ አይፈቀድም።

ማን ይግባ? እንዴት ይፈተን?

በገጠር ያደገ ተማሪ በገጠር የመሥራት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ በብዙ አገር በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ከመቀመጫው ቢያንስ ግማሹን በጣና ዙሪያ ወረዳዎች ሁለተኛ ደረጃ ለጨረሱ ያዙ፤ ጥቂቱን ደግሞ በሥራ ላይ ላሉ ጤና መኮንኖችና ነርሶች። የብሔራዊ ፈተና ውጤት መነሻ ገደብ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ስድስት ጣቢያ፣ በየጣቢያው 8 ደቂቃ የሆነ አጭር ቃለ መጠይቅ ይለይ። ከጠያቂዎቹ አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ አንዱ የቀበሌ ነዋሪ ይሁኑ። የቅበላ አሠራሩ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር አስቀድሞ ካልተስማማ ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለ ፈተና ራሳችንን አናታልል፤ ተማሪው የሚያነበው የሚፈተነውን ነው። የቤተሰብ ሥልጠናው ከመቶ አሥር ይዞ የውስጥ ደዌ አርባ ከያዘ፣ ተማሪው በጉብኝት ቀን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ትክክልም ነው፤ ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ። የማኅበረሰብ ሥልጠናው ለብቻው የሚታለፍ ወይም የሚወደቅ ይሁን፤ በሌላ ትምህርት ማርክ አይካካስ።

የተግባር ፈተናው፣ ኦስኪ፣ በ12 ጣቢያና በ2 ዕረፍት ይደራጅ። 14 ተማሪ ባንድ ዙር ይገባል፤ ለ40 ተማሪ ሦስት ዙር። 8 ደቂቃ ፈተና፣ 2 ደቂቃ መቀየሪያ ሲሆን አንድ ዙር 140 ደቂቃ፣ ሦስቱ 7 ሰዓት ነው። ለየጣቢያው ሁለት ታካሚ ተዋናይ አዘጋጁ፤ አንድ ሰው ለ40 ተማሪ ሲያስል ከዋለ ከሰዓት በኋላ ታሪኩ ይለወጣል። ያልተፈተኑት ስልካቸውን አስረክበው በአንድ አዳራሽ ይቆዩ። ደወሉ ኤሌክትሪክ ከሆነ ፊሽካም ይኑር። ከ12ቱ ቢያንስ አምስቱ ከሆስፒታል ውጪ ያለ ሥራ ይሁኑ፦ ሪፈር ደብዳቤ መጻፍ፣ ጿሚ የስኳር ታማሚን ማማከር፣ ሕፃኗ ክብደት ያልጨመረላትን እናት ማነጋገር፣ ከኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ተቀብሎ መወሰን፣ ለ60 ኪሎ ሰው የቢልሃርዚያ መድኃኒት ማስላት። በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ፕራዚኳንቴል፣ ማለትም 2,400 ሚሊ ግራም፣ 600ው ፍሬ ከሆነ አራት። ሥርዓተ ትምህርቱ ከብሔራዊው ጋር መጣጣሙንም አትርሱ፤ ተማሪዎቻችሁ የመውጫና የሙያ ፈቃድ ፈተና እንደ ሌላው ይወስዳሉ፣ በጤና ጣቢያ ያሳለፉት ጊዜ ባዮኬሚስትሪን አይሰርዝላቸውም።

መደብ፣ በጀት፣ ጊዜ

የቤተሰብ ሐኪም በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የተፈቀደ የሥራ መደብ፣ ደረጃና የተረኛ ክፍያ ከሌለው፣ የምታሠለጥኑት ለአዲስ አበባ ነው። ጠቅላላ ሐኪሞች ተመርቀው ቅጥር በሚጠብቁበት በዚህ ጊዜ “ይመረቁ እንጂ ቦታ አይጠፋም” ማለት ለልጆቹ ማሰብ አይደለም። ከክልሉ ጤና ቢሮና ከሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽኑ ጋር የመደብ ጥያቄውን የመጀመሪያው ሬዚደንት ከመመዝገቡ በፊት ጨርሱ።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ለሚቀጥለው ዓመት የሚገባ ነገር እስከ ታኅሣሥ በዝርዝር ተሠልቶ መቅረብ አለበት። የጤና ጣቢያ ሥልጠና በጀት ከሆስፒታሉ ጋር ባንድ ርዕስ ከገባ ሆስፒታሉ ይበላዋል፤ የራሱን የበጀት ርዕስ ክፈቱለት። ቢያንስ የሥራ ማስኬጃውን ሲሶ ለአሠልጣኝ ክፍያ፣ ለማደሪያ፣ ለመጓጓዣና ለየቦታው የላቦራቶሪ ዕቃ ያዙ። ከየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር የሚፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ማን ክፍል ይሰጣል፣ አሠልጣኙ ቢዛወር በስንት ቀን ይተካል የሚለውን በቁጥር ይጻፍ።

ሕንጻውን በተመለከተ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ባለበት ከተማ ሌላ የአናቶሚ አዳራሽ መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው። አስከሬን ማግኘትም፣ የፎርማሊኑን ጭስ የሚያወጣ አየር ማስተላለፊያ መሥራትም ከባድ ነው፤ በውል ተጋሩ። የራሳችሁ መሆን ያለባቸው የክህሎት መለማመጃ አንድ አዳራሽ፣ 8 ሰው የሚይዙ አምስት የውይይት ክፍሎችና 20 ማይክሮስኮፖች ናቸው፤ ለሁለት ተማሪ አንድ። የወባ፣ የሳንባ ነቀርሳና የቢልሃርዚያ እንቁላል ስላይድ ራሱ አዘጋጅቶ የማያነብ ሐኪም ላቦራቶሪ ሠራተኛው በሌለበት ቀን ዐይኑን ያጣል።

ከመክፈቻው በፊት ባለው የካቲት ሙከራ አድርጉ። አራት ሬዚደንት ወይም ኢንተርን ወደ ሁለት ሩቅ ቦታዎች ለሁለት ሳምንት ላኩ፤ የቤተሰብ ሐኪሙም በሁለተኛው ሳምንት ሳይነግር ይሂድ። የሚያየው አምስት ነገር ነው፦ ሮቶው ውኃ አለው? የተማሪው ክፍል ለተማሪው ነው ወይስ ዕቃ ተከምሮበታል? ባለፉት አምስት ቀናት ስንት ታካሚ በራሱ አየ? አሠልጣኙ በሎግቡኩ (በተማሪው የሥራ መዝገብ) ላይ ፈርሟል? ሌሊት ድንገተኛ ሕመም ቢገጥም የሚደወልለት ሰው ስልኩን አነሣ? ከአምስቱ ሁለቱ በአንድ ቦታ ካልተሟሉ ያ ቦታ ለመጀመሪያው ዓመት አይከፈትም፤ በሁለቱም ቦታዎች ካልተሟሉ ቅበላው ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ። ይህን ውሳኔ የሚወስነው ማን እንደሆነም ሙከራው ሳይጀመር በስም ይጻፍ።